ለሰባት ቀን ያልተከፈተ

«ወላሂ፣ ሰነዴ እዚህ ጥግ ላይ ነበረች» አሉ ኡስታዝ ዐብዱልቃድር፣ በጣታቸው ባዶውን ስክሪን እየነካኩ። «እኔ ስሄድ ነበረች። አሁን የለችም።»

የቢሮውን ኮምፒውተሮች የምትጠብቀው ሀምዲያ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ከፈተች፣ ዘጋች፣ የተጣሉ ሰነዶች ማጠራቀሚያውንም አየች። ባዶ ነው። ማሽኑ ኡስታዝን ዛሬ ገና እንደተቀጠረ ሰው ነው የተቀበላቸው።

«ኩርሙክ ስንት ቀን ቆዩ?»

«አስራ ሁለት። ሁለቱን መንገድ በላው። ሽማግሌ እስክታገኚ፣ አግኝተሽ እስኪናገር…» ሳቅ አሉ። «ስልሳ የበርታ ቃል ይዤ መጣሁ። ከሌላው ጋር ልጨምር ብዬ ነው የከፈትኩት።»

አስራ ሁለት። ከሰባት ይበልጣል።

ከሁለት ሳምንት በፊት የትምህርት ቢሮው አርባ አንድ ኮምፒውተር በዘፈንና በቫይረስ ታንቆ ነበር። ከአዲስ አበባ የተላከው ባለዲግሪ በሁለት ቀን ሦስቱን ብቻ አጽድቶ ተመለሰ። ሀምዲያ የኮምፒውተር ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠችም፤ የተማረችው ከተቀዳደደ መጽሐፍና ከማሽኑ ጋር እየተጣላች ነው። ሰርቨሩ ፊት ተቀምጣ አንድ ትእዛዝ አወጣች፤ አርባ አንዱም ታዘዙ። ማንም ፕሮግራም አይጭንም። ማንም የስክሪኑን ሥዕል አይቀይርም። ለሰባት ቀን ያልተከፈተ የተጠቃሚ ማህደር ኮምፒውተሩ ሲነሣ ከነሰነዱ ይሰረዛል። ሰነዳችሁን ወደ ሰርቨሩ አዛውሩ የሚል ማስታወቂያም ለጥፋለች፤ ኡስታዝ ግን ኩርሙክ ነበሩ። የስም ዝርዝሩን አይቶ እሳቸውን ከትእዛዙ ማውጣት ሩብ ሰዓት አይፈጅም። አላየችም። ባለዲግሪውን ያቃተው ከምሳ በፊት ማለቅ ነበረበት።

«ደብተሮቹስ፣ ኡስታዝ? መጀመሪያ የጻፉባቸው?»

«አንቺ አይደለሽ ወረቀት ምስጥ ይበላዋል፣ ኮምፒውተር ምስጥ አያውቅም ያልሽኝ? ለባለሱቁ ሰጠሁት። ስኳር ይጠቀልልበታል።»

አሁንም እየሳቁ ነበር። ገና አልገባቸውም።

እስከ ቀትር ድረስ የጠፋ ሰነድ የሚፈልግ ፕሮግራም አስሮጠች። አራት ገጽ ተገኘ፤ በሦስቱ ላይ በፊደል ፋንታ ከተደረደሩ ትንንሽ ሳጥኖች በቀር ምንም የለም። የኡስታዝ የሰባት ወር ሥራ ነው፤ ሁለት ሺህ የበርታ ቃል ከነአማርኛ ፍቺው። አዲሱ ክልል ልጆቹን በቋንቋቸው ላስተምር ብሎ ይህን ይጠብቃል።

«አይመለስም» አለች። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

የኡስታዝ ፊት ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ ብሎ ሄደ።

በዚህ መሐል የክፍሉ ኃላፊ ይልቃል የሪፖርት ቅጽ ይዞ ገባ። ወሬው ቀድሞታል።

«ምክንያት የሚለውን ራስሽ ሙዪው» አላት። «ያንቺ ጥፋት ከሆነ ግን ኮንትራትሽ አይታደስም፤ ኋላ አልነገረኝም እንዳትዪ። የዲግሪ ቦታ ላይ ያለ ዲግሪ አስቀመጣችሁ እየተባልኩ ስታማ ነው የከረምኩት።»

«ዲግሪውማ መጥቶ ነበር፤ ሦስት ኮምፒውተር ጠርጎ ሄደ።»

«ምላስሽን ለሌላ ቀን አቆዪው» ብሎ ወጣ።

ሀምዲያ እስክሪብቶ አነሣች። «በእኔ» ብላ ስትጽፍ የኡስታዝ እጅ ቅጹ ላይ አረፈ።

«መብራት በይ።»

«ምን?»

«መብራት ጠፋ፣ ተበላሸ፣ በይ። ማን ይጠይቃል? መብራት ሁልጊዜ ይጠፋል።»

«ኡስታዝ፣ እኔ አልዋሽም።»

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ስሚ። ቃሉን የሰጡኝ ሽማግሌዎች፣ ሦስቱ ሞተዋል። እኔ ለሰኔ ጡረታ ነኝ። ቃሉ ሄደ፣ ከላስ፣ አለቀ። አንቺም ከሄድሽ የኛን ቋንቋ የሚሰማ፣ ይህን ማሽን የሚያዝ፣ ማን አለ? አንድ ሰው ንገሪኝ።»

ልትነግራቸው አሰበች። ከመንጌም ከሸርቆሌም የምታውቃቸውን ሁሉ በልቧ ቆጠረች። አንድም ስም አልመጣላትም።

«እንግዲያው ይቅር ብለውኛል?»

«አላልኩም» አሉ ኡስታዝ፣ ሳያዩዋት። «ይቅር አላልኩሽም። መብራት በይ።»

ተነሥተው መስኮቱ ጋ ቆሙ፤ ጀርባቸውን ሰጧት።

ሀምዲያ ከማንም ጋር ተከራክራ ተሸንፋ አታውቅም። ዛሬ ግን ቅጹን ወደ ራሷ ሳበች። «በእኔ» የሚለውን ሰረዘች። ከጎኑ «በመብራት መቋረጥ ምክንያት» ብላ ጻፈች፤ ፈረመችበትና ወደ ይልቃል ቢሮ ይዛው ሄደች።