ዳኛዋ ከድራማ ስትታገድ

ጎረቤቶቿ «ዳኛዋ» የሚሏት በከንቱ አልነበረም። ማክሰኞ ማክሰኞ ተከታታይ ድራማው ሲጀምር ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሳሎኗ ጢም ይላል፤ ሶፋው ለትልልቆቹ፣ ምንጣፉ ለልጃገረዶቹ፣ የስፌት መኪናዋ ወንበር ለራሷ። ባል ሚስቱን ሲዋሽ «ውሸታም! ዓይንህን ላፈር!» ብላ ስትፈርድበት ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት ሰው ይኸው ነው፤ የቀረውን ሳምንት ከስፌት መኪናዋ ጋር ነው የምታወራው።

የወንድሟ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ለዶክትሬቱ የያዘው ጥናት፣ አይ ጥናት፣ «ሰው ድራማ ለምን ይወዳል» የሚል ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይኼ ደግሞ ወረቀቱንም ይዟል። እናት አባቱ ሲሞቱ ያሳደገችው፣ የትምህርት ቤት ልብሱን ሰፍታ ያስተማረችው እሷ ናትና፣ የድምፅ መቅረጫውን ይዞ ሶፋዋ ላይ ሲቀመጥ ልቧ ቅቤ ይጠጣ ነበር።

አንድ ቀን መጥቶ ቴሌቪዥኗን ነቀለ።

«አክስቴ፣ የድራማ ፍቅር የሚታወቀው ሲቀር ነው» አላት። «ይኼ ምዕራፍ እስኪያልቅ አትዪም። ታሪኩንም ማንም አይነግርሽም። እኔ በየሳምንቱ እየመጣሁ ምን እንደተሰማሽ እጠይቅሻለሁ።»

«ባልጠፋ ሰው እኔን?»

«እንዳንቺ የሚወደው የለማ!»

«ለዶክተርነትህ ይጠቅማል?»

«ያላንቺማ አይሆንም።»

ያላንቺ አይሆንም የተባለ ሰው እንዴት እምቢ ይላል? ቴሌቪዥኑን በአንድ በኩል ይዛ ደረጃውን አብራው ወረደች፤ ታክሲ ውስጥም አስገባችለት።

እሱ ደግሞ በየበሩ እየዞረ፣ ስለ ድራማው ትንፍሽ እንዳትሉባት ብሎ ጎረቤቶቿን አስጠነቀቀ። ቃላቸውን ጠበቁ። ችግሩ፣ ከድራማው ሌላ ከእሷ ጋር የሚያወሩት አልነበራቸውም። ደረጃ ላይ ሲያገኟት አፋችን ያመልጠናል ብለው ከአንገት በላይ «ደህና ዋልሽ» ይሏትና ውልቅ ይላሉ። ማክሰኞ ሲሆን ሳቃቸው ከታች፣ ሁለተኛ ፎቅ ከምትኖረው ነርስ ቤት ይሰማታል። መጀመሪያ የናፈቃት ድራማው ነበር፤ በኋላ ግን እሱን እርግፍ አድርጋ ረሳችው።

«ዛሬስ ምን ተሰማሽ?» ይላታል ልጁ።

«ሰው ናፈቀኝ።»

«ግሩም! እስቲ ድገሚልኝ፣ መቅረጫው አልያዘውም።»

ደገመችለት።

ምዕራፉ አለቀ። ቴሌቪዥኑን አምጥቶ ሰካላትና እየተጣደፈ ሄደ። አዲሱ ምዕራፍ በሚጀምርበት ማክሰኞ ሳሎኗን ጠረገች፣ የሶፋውን ትራሶች አራገፈች፣ በሯን ገርበብ አድርጋ ጠበቀች። ሙዚቃው ጀመረ፤ ብቅ ያለ ሰው የለም። ከታች ግን ያው ሙዚቃ ይሰማል። ቅር አላት፣ በጣም ቅር አላት። ቢሆንም ኩራት ራት አይሆንም ብላ ሹራቧን ደርባ ወረደችና የነርሷን በር አንኳኳች።

የከፈተላት የወንድሟ ልጅ ነበር፤ መቅረጫው በእጁ። ከኋላው ጎረቤቶቿ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ነርሷ «ውይ፣ መጣች!» ብላ ልትነሳ ስትል በእጁ ምልክት አስቀመጣት። ወጣና በሩን ሳብ አደረገው።

«አክስቴ፣ እዚህማ አትግቢ።»

«አለቀ አላልከኝም እንዴ?»

«ያኛው አለቀ። አሁን የማጠናው እነሱን ነው። አድማቂያቸውን ያጡ ተመልካቾች እንዴት እንደሚሆኑ። አንቺ ከገባሽ ልፋቴን ውሃ በላው።»

«ታዲያ ቴሌቪዥኑን ለምን መለስክልኝ?»

«ብቻሽን እንድታዪ ነዋ! እሱንም ነገ መጥቼ እጠይቅሻለሁ።»

ልትሰድበው አፏን ከፈተች። ግን እሱም ከቀረባት የሚያንኳኳላት ሰው እንደሌለ ታያት።

«ነገ ስንት ሰዓት ትመጣለህ?» አለችው።

«ሲመቸኝ ነዋ። አንቺ እንደሆነ የትም አትሄጂ» አለና ተመልሶ ገብቶ በሩን ዘጋው።