የነጣው መጋገሪያ

ሙሽራይቱ ከባሏ ታላቅ እህት፣ እትዬ ከምትላቸው፣ የሸክላ ዳቦ መጋገሪያ ተውሳ ነበር። ውስጡ ጥቁር ስለሆነ ተጠየፈችው። ለጓደኛዋ ደውላ «በዚህ እየበላ አድጎ ባሌ እንዴት እንደተረፈ እንጃ» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ በሳሙናና በሽቦ ፈትጋ ፈትጋ፣ ሸክላው ነጭ ሲሆን ኩራት እየተሰማት መለሰችው።

እትዬ መጋገሪያውን አገላብጠው አዩት። «ደከምሽ፣ ልጄ» አሉና ተቀበሏት።

እሑድ ቤተ ዘመዱ እትዬ ቤት ለምሳ ተሰብስቦ ሳለ፣ በዚያው መጋገሪያ የጋገሩት ዳቦ ሲገለበጥ ግማሹ ከመጋገሪያው ጋር ተጣብቆ ቀረ።

«ምነው፣ ያንቺ ዳቦ እኮ ተንሸራቶ ነበር የሚወጣው» አሉ የባሏ አጎት።

«ዛሬ እጄ ከዳኝ» አሉ እትዬ ቀና ሳይሉ። ደህናውን ቁራሽ መርጠውም ለሙሽራይቱ ሰጧት።

ከምሳ በኋላ ተከትላቸው ማድ ቤት ገባች። «እትዬ፣ ያ ጥቁሩ ቆሻሻ አልነበረም እንዴ?»

«ዘይት ነው፣ ልጄ። ሸክላው በሳሙና አይነካም፤ በሙቅ ውኃ ብቻ እየታጠበ፣ ዘይት እየጠጣ ሲጠቁር ነው ሊጥ የማይዘው። አይዞሽ፣ ደግሞ ይጠቁራል።»

በስልክ ያለችው ሁሉ ጆሮዋ ላይ ጮኸባት። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለች በሆዷ። እጅጌዋን ሰብስባ፣ የተጣበቀውን ዳቦ ሙቅ ውኃ ውስጥ በእንጨት ማንኪያ ቀስ እያለች ታላቅቅ ጀመር። እትዬም አጠገቧ ቆመው፣ መጋገሪያው ሲደርቅ የምትቀባውን ዘይት አቀረቡላት።