በእህቱ አፍ

የማተሚያ ቤቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ የተሰበሰበው ከወረቀት መቁረጫው ክፍል በላይ ባለችው ጠባብ ቢሮ ነው። ከታች የሚሠራው ማሽን ወለሉን ያንቀጠቅጠዋል። መስማት የተሳነው ቆራጭ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ንዝረቱን ይከታተላል። ዐሥራ ስምንት ዓመት የሠራበት ማሽን ነው፤ ዛሬ ሌላ ሰው ቆሞበታል።

ታላቅ እህቱ ከጎኑ ተቀምጣለች። ባለሙያ አስተርጓሚ እንዲመደብለት በጽሑፍ ጠይቆ ነበር። የአስተዳደር ኃላፊው ግን «እህት እያለችው ምን በወጣን!» ብለው ደብዳቤውን ፋይል ውስጥ ወሸቁት። እሷም አልከፋትም። ከልጅነቱ ጀምሮ አፉ እሷ ናት። ከባለሱቅ ሲጣላ፣ ከአከራይ ሲጨቃጨቅ፣ እያበረደች ነው እዚህ ያደረሰችው። እሱ በእጁ «ሌባ!» ሲል እሷ «ዋጋው ትንሽ በዛ ይላል» ትላለች። ጠቡ ይበርዳል። እሱ ይህን አያውቅም።

«በይ ጠይቂልኝ፣ እህቴ» አሉ ኃላፊው። «የማስጠንቀቂያው ደወል እየጮኸ ማሽኑን ለምን አስነሳ? የባልደረባው ሁለት ጣት ሄዷል እኮ!»

በእጇ ነገረችው። ብድግ አለ።

«ደወል ለእኔ ምኔ ነው?» አለ በእጆቹ። «ቀይ መብራት ይገጠምልኝ ብዬ ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ። ሕጉ ለአካል ጉዳተኛ የሚስማማ መሣሪያ አቅርቡለት ይላል፤ አላቀረባችሁም። ልጁ በመቁሰሉ አንጀቴ አርሯል። ጥፋቱ ግን የናንተ ነው።» ጣቱን ወደ ኃላፊው ቀሰረ።

የኃላፊው ፊት ሲጠቁር አየች። ከዚህ ቢባረር ማን ይቀጥረዋል? ምላሷ ቀደማት።

«በጣም አዝኛለሁ ይላል። ሁለተኛ አይለመደኝም፣ ይቅር በሉኝ ነው የሚለው።»

የኃላፊው ግንባር ተፈታ። «አየሽ፣ እንዲህ ሲሆን ነው የሚያምረው!» ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ። «ጥፋቱን አምኗል ብለሽ ጻፊ።»

የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ፣ ጠመንጃ ነክቶ ሳያውቅ በአቋቋሙ ብቻ «ሻምበል» የሚሉት የመጋዘን ሠራተኛ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያ ሁሉ የእጅ ውርጅብኝ ለአንዲት ይቅርታ ነው? ጣቱንስ የቀሰረብዎት ሊባርክዎት ነው?»

«ሻምበል፣ ቀልድህን ተወን።» ኃላፊው ባዶ ወረቀት ገፋ አደረጉ። «ስላመነ አይባረርም። ወደ ጽዳት ይዛወራል። ድሮም መስማት ለማይችል ሰው ማሽን መስጠታችን ነበር ስሕተቱ። ቃለ ጉባኤው በኋላ ይተየባል፤ አሁን ከግርጌ ይፈርም።»

ቆራጩ እስክሪብቶውን አነሳና ወደ እህቱ ዞረ። «የመብራቱን ነገርሻቸው?»

እጆቿ ጭኗ ላይ ቀሩ።

«ልፈርም?»

ዕድሜውን ሁሉ እሷ ራሷን ስትነቀንቅ ነው የፈረመው። አሁንም ያንኑ ይጠብቃል። የእስክሪብቶው ጫፍ ወረቀቱን ነካ። እህቱ የእጁን አንጓ አፈፍ አድርጋ ያዘችው።

«የተረጎምኩት ውሸት ነው» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ይቅርታ አልጠየቀም። ቀይ መብራት ሦስት ጊዜ ጠይቄ አልሰጣችሁኝም፣ ጥፋቱ የናንተ ነው ነው ያለው። ያለሰለስኩት እኔ ነኝ።»

«ታሾፊብናለሽ እንዴ? ቃሉ ተጽፏል!»

«የተጻፈው የሷ ቃል ነው» አለ ሻምበል፣ አሁን ቀልዱን ትቶ። «የሚቀጣው ደግሞ እሱ። አስተርጓሚ ጠይቆ የተነፈገ ሰው ላይ የሰጡትን ውሳኔ የትኛው ዳኛ ያጸናልዎታል? ደብዳቤውን ከፋይሉ ያውጡት፤ ገቢ የሆነበትን ማኅተም አብረን እንየው።»

ኃላፊው ፋይሉን ከፈቱ። ማኅተሙን አዩት፤ ከሥሩ የራሳቸውንም ፊርማ አዩት። ባዶውን ወረቀት ወደ ራሳቸው ሳቡ።

«ጉዳዩ ለረቡዕ ተቀጥሯል» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ። «አስተርጓሚ ይፈለግ።»

ኮሪደሩ ላይ እህቱ ሁሉንም በእጇ ነገረችው፤ የዛሬውንም፣ የባለሱቁንም፣ የአከራዩንም። ዓይኑን ከእጆቿ ሳይነቅል እስክትጨርስ ተከታተላት።

«ስንት ጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»



«ረቡዕ አስተርጓሚው ይመጣል» አላት በእጁ። «አንቺ እንዳትገቢ።»

ደረጃውን ወረደ። ልትከተለው አንድ እርምጃ ተራመደችና ቆመች። የምትለው ነበራት፤ ጀርባውን ሰጥቷት ግን እጆቿ ምንም ሊነግሩት አይችሉም።