በበዓል የታጨደ ጤፍ

ዘሪቱ ደመና ስታይ መጀመሪያ የሚታያት መከራ ነው። በ1993 ዓ.ም. የኅዳር ሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ ስትመለስ ጮቄ ተራራ ላይ የተከመረውን ጥቁር ደመና አየችና ነጠላዋን አጥብቃ ያዘች። የኅዳር ዝናብ ለማንም አይበጅም። ለሽታዬ ደግሞ ጨርሶ አይበጅም።

ሽታዬ አጥር የምትጋራት ጎረቤቷ ናት። ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። በመስቀል ማግስት ውኃ ስትቀዳ አዳልጧት ጭኗ ተሰበረ፤ ወጌሻው በቀርከሃ ካሰረላት ወዲህ ከመደብ አልወረደችም። ያላት አንዲት ማሳ ጤፍ ናት፤ ለእሷና ለሦስት ልጆቿ የዓመት ቀለብ። ያቺ ጤፍ ከሰፈሩ እህል ሁሉ ቀድማ ደርሳ፣ ነጥታ፣ ራሷን ደፍታ ማጭድ ትጠብቅ ነበር።

ቃል ያልገባላት ሰው አልነበረም። በየወሩ በአሥራ ሁለት በመልአኩ ስም ጽዋ የሚጠጡት የሚካኤል ማኅበርተኞች «ደቦ ወጥተን እናነሣልሻለን» ካሏት ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። መጀመሪያ ሐሙስ አሉ፤ ሐሙስ ልቅሶ ሆነ። ቀጥሎ ሰኞ አሉ፤ ሰኞ ደግሞ ለበዓሉ የሚሸመት አለ ብለው ቁይ ገበያ ወረዱ። አሁን ቀጠሮው ረቡዕ፣ የበዓሉ ማግስት ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት አባ ወልደ ሩፋኤል የሰበኩት ስለ ድሃ አደግና ስለ መበለት ነበር። ጥሩ አድርገው ሰበኩ። ሴቶቹ አለቀሱ፤ ዘሪቱም አለቀሰች።

ቤት ስትደርስ ባሏ አበረ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ማጭድ ይስላል።

«ምን ልታደርግበት ነው?»

«ሽታዬ ማሳ ልወርድ ነው።»

«ዛሬ?»

«ዝናቡ ረቡዕን እጠብቃለሁ ብሎሽ እንደሆነ ንገሪኝ፤ እኔም ልጠብቅ።»

«አበረ፣ ዛሬ ሚካኤል ነው።»

«አውቃለሁ። አብረን አስቀድሰን መጣን አይደል?»

በዓል የሻረ ሰው በአገሩ ላይ በረዶ ያወርዳል። ይህን ዘሪቱ ከእናቷ ሰምታዋለች፤ ቁይ ስምንተኛ ክፍል እስክትደርስ የተማረችው ትምህርትም ከልቧ አላወጣውም። ደግሞ የራሷ ፍርሃት አላት። ከአራት ዓመት በፊት አበረ በእሑድ እንጨት ፈለጠ፤ ሳምንት ሳይሞላ የአምስት ወር ልጃቸው በሳል ሞተች። እሱ ሁለቱን ነገር አገናኝቶት አያውቅም። እሷ ግን አንድም ቀን ለያይታው አታውቅም።

«ዜማ ከትናንት ጀምሮ ታስላለች» አለችው ቀስ ብላ፤ ዜማ ከዚያች በኋላ የወለዷት ልጅ ናት።

አበረ ማጭዱን መሳል አቆመ። ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶታል።

«ያቺን ልጅ የገደላት የሳንባ ምች ነው፣ ዘሪቱ። ጤና ጣቢያ ያደረስናት ዘግይተን ነው።» ማጭዱን በአውራ ጣቱ ሞከረው። «መልአኩ የመበለት እህል አነሣህ ብሎ ልጅ የሚገድል ከሆነ፣ እኔ እስከ ዛሬ የማንን ስም ስጠራ ኖርሁ?»

ሄደ። ዘሪቱ ዜማን አዝላ በጓሮና በደጅ መካከል ተመላለሰች። ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር በረዶው የሚወርድ፣ ሰፈርተኛው ዱላ ይዞ የሚመጣ፣ ልጅቷ ጀርባዋ ላይ የምትቀዘቅዝ መሰላት። መቆም አቃታት። ያን ወር ጽዋው የነበረው እንዳላማው ቤት ነው፤ ወደዚያ ሮጠች።

ሐሳቧ አባ ወልደ ሩፋኤልን ወደ ጥግ ጠርታ፣ ሰው ሳይሰማ እንዲመልሱላት ለመለመን ነበር። እሳቸው ግን ማዕዱ ራስ ላይ በሰው መሀል ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ስትስም ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኾ ወጣ።

«አባ፣ አበረን ይመልሱልኝ። ሽታዬ ማሳ አጨዳ ይዟል።»

ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ሰማ። እንዳላማው የማኅበሩ ሙሴ ነው፤ ማኅበሩን የሚመራ፣ አጥፊ የሚቀጣ እሱ ነው። የጠላ ዋንጫውን አስቀምጦ ተነሣ። ሌላውም ተከትሎ ተነሣ።

ወደ ማሳው ሲወርዱ ዘሪቱ ከኋላ ሆና ቆጠረቻቸው። ሃያ ሦስት ወንድ። ሃያ ሦስት ሰው ማጭድ ይዞ ቢወርድ ኖሮ ያቺ ማሳ ለእንጀራ መብያ ያህል ጊዜ እንኳ አትፈጅም ነበር። ይህ አሳብ መጣባትና ደነገጠች፤ እንደ ኃጢአት ከራሷ ልታባርረው ሞከረች።

አበረ ከግማሽ በላይ አጭዷል። ነዶው በመስመር ተጋድሟል።

«ማጭዱን ጣል፣ አበረ» አለ እንዳላማው ከዳር ቆሞ።

«እናንተ ማጭድ ረስታችሁ መጣችሁ እንዴ?» አለ አበረ ቀና ሳይል።

ከኋላ አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

«ጨዋታ አይደለም። በረዶ ልታወርድብን ነው? የእኔ ጤፍ ገና ለምለም ነው።»

«የአንተማ ለምለም ነው፣ አያ እንዳላማው። ረቡዕ የተመቸህ ለዚያ ነው።»

አባ ወልደ ሩፋኤል መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀረብ አሉ። «ልጄ፣ በዓል ነው።»

አበረ አሁን ቀና አለ። «አባ፣ እኔ እኮ ጠዋት ያስተማሩትን ነው የምሠራው።»

ዘሪቱ የአባን ፊት ታይ ነበር። ከንፈራቸው ተከፈተ። «ተዉት» ሊሉ እንደሆነ ምላ መናገር ትችላለች። ከዚያ ዞር ብለው የቆመውን ሰው አዩ፤ ከንፈራቸው ተገጠመ።

«ሕዝቡን አታስቆጣ፣ ልጄ» አሉ።

«እሺ፣ ማጨዱን ልተው። ያጨድሁትን ልከምረው። እናንተ እንኳ ብታቀብሉኝ ደመናው ሳይደርስ እናለብሰዋለን።»

«በበዓል የታጨደ ነው» አለ እንዳላማው። «ማንም አይነካውም።»

አበረ አንድ በአንድ አያቸው። መጨረሻ ላይ ከወንዶቹ ጀርባ፣ ልጅ አዝላ የቆመችውን ሚስቱን አየ። ማን እንደነገራቸው ያን ጊዜ ገባው። ማጭዱን ነዶው ላይ ጥሎ በአጠገቧ አለፈ።

ወደ ማዕዱ ሳይመለሱ ዝናቡ ደረሰ። በረዶ አልነበረም። ድምፅ የሌለው፣ ትዕግሥተኛ ዝናብ ነበር፤ ቀኑን ዘንቦ፣ አድሮ፣ ረቡዕ እስከ ቀትር ዘነበ። ያልታጨደው ጤፍ ጭቃ ላይ ተኛ። የታጨደው ጠቆረ፤ ነዶው ውስጥ ማቆጥቆጥ ጀመረ። የእንዳላማው ለምለም ጤፍ ጠጥቶ አማረበት። ሰዉም «አያችሁ፣ አበረ ያመጣብንን» አለ። ደቦው በጭቃ ምክንያት ቀረ።

የዜማ ሳል ረቡዕ ማታ ለቀቃት። አበረ በመሥራቱ ልጅቷ ትሞታለች ብላ የፈራችው ዘሪቱ፣ ለመዳኗ ግን ማንንም አላመሰገነችም።

ማኅበሩ ተሰብስቦ አበረ አንድ በግ እንዲቀጣ ፈረደ። ሐሙስ የነቢያት ጾም ቅበላ ስለነበር ጾሙ ሳይገባ ቶሎ ይታረድ ተባለ። አበረ በጉን እንዳላማው በር ላይ አስሮ ሄደ። ዘሪቱ ሽንኩርት ከተፈች፣ ወጥ አማሰለች። አባ ባረኩ፤ ተበላ።

«ሽታዬም ማኅበርተኛ ናት፤ ድርሻዋን አድርሽላት» አለ እንዳላማው፣ አፉን እየጠረገ።

ዘሪቱ ወጡን በሳህን ይዛ ገባች። ሽታዬ እግሯን ዘርግታ በግድግዳው ተደግፋለች። ትልቋ ልጇ፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ ማርያማዊት፣ ልብሷን እያጣጠፈች በፌስታል ትከታለች።

«የት ልትሄድ ነው?» አለች ዘሪቱ።

«ደብረ ማርቆስ። የአጎቴ ልጅ ሞግዚት የሚፈልግ ቤት አውቃለሁ ብላለች። አንድ አፍ ይቀንስልኛል» አለች ሽታዬ።

ማርያማዊት ቀና አላለችም። የትምህርት ቤት ደብተሯን ከፌስታሉ አውጥታ መደቡ ላይ አስቀመጠችው።

ዘሪቱ ሳህኑን ይዛ እንደቆመች ቀረች። አንዲት ልጅ በሰው ቤት ምን ምን እንደሚደርስባት ሁሉንም በአንድ ጊዜ አየችው፤ እሷ እንዲህ ያለውን ማየት ትችልበታለች።

«እግዚአብሔር ይርዳሽ፣ ሽታዬ» አለች።

«እሱማ ረድቶኝ ነበር። አንድ ሰው ልኮልኝ ነበር፤ መለሳችሁት።»

ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ የዝናቡን ነገር የምታወራ ይመስል ነበር። ዘሪቱ ሳህኑን አስቀምጣ ወጣች።

አበረን ያገኘችው ማሳው ውስጥ ነው። ነዶውን እየገለበጠ ያልበሰበሰውን ይለያል። ጫማዋን አውልቃ ከወዲያኛው ጫፍ ጀመረች። ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ቀና ብሎ አያት፤ ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ። እስኪጨልም ሲለዩ ቆዩ። ከማሳው ሁሉ የተረፈው፣ ተወቅቶ ሲሰፈር ሁለት ቁና ጥቁር ጤፍ ሆነ። ለአንድ ወርም አይበቃም።

እሑድ ማርያማዊት ስትሄድ ሰፈርተኛው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ አገኛት። ሁሉም ግንባሯን ሳመ። «ሚካኤል ይከተልሽ» አሏት፤ አባ ወልደ ሩፋኤል መስቀላቸውን አሳለሟት። እስከ ቁይ መኪና መቆሚያ ፌስታሏን ይዞ የሸኛት አበረ ነው። ዘሪቱ ከኋላቸው ሄደች። አበረ እንድትመለስ አልነገራት፤ ቆሞም አልጠበቃት።