የጉንፋን ሥርና እንትፍታዬ

ከአባቴ የወረስኩት ሙያ አንድ ነው፤ የጉንፋን ሥር መማስ። ጠዋት ምንም ሳልቀምስ፣ ከማንም ጋር ሳልነጋገር፣ አምባሰል ግርጌ ወርጄ እቆፍራለሁ። ወቅጬ፣ ዘፍዝፌ፣ ጭማቂውን ቅል ውስጥ አጠልለዋለሁ። አንድ ጉንጭ የጠጣ ሰው በጉንፋን አይያዝም ይባላል። ይህን የሚለው በአብዛኛው እኔው ነኝ። ሥሩን የማሰው ሰው ግን ዋንጫው ላይ ሦስት ጊዜ እንትፍ ብሎ ካልመረቀ መድኃኒቱ አይሠራም። ልማዱ እንዲህ ነው።

በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በጥር፣ ከሐይቅ ገበያ ክፉ ጉንፋን መጣ። ጎልማሳ ይጥላል። ልጄ ፈዲላ እኛ ቤት ከወለደች ገና አሥራ ሁለት ቀኗ ነበር። ካቻምና የመጀመሪያ ልጇን በሳል ቀብረናል። ይህቺን ሁለተኛዋን፣ ኑርሀያትን፣ ጉንፋን እንዳያገኛት ሁላችንም ፈርተን ነበር።

እኔ ዘዴ አመጣሁ። አራስ ጠያቂ ሁሉ ሥሩን ጠጥቶ ይግባ ብዬ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ከሐይቅ ገበያ ከተመለስኩ ወዲህ አፍንጫዬ ይወርድ ነበር። አቧራ ነው አልኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ታስነጥሳለህ» አለች ባለቤቴ ዙሌይካ።

«ሥሩ ነው፤ ሲሸተኝ።»

አራሷንና ሕፃኗን ጓዳ አስገብታ መጋረጃውን ጣለች። ከመጋረጃው ወዲያ ማንንም አላሳለፈችም፤ እኔንም ጭምር።

ረቡዕ ዕለት መንደሩ በሙሉ መጣ። እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ፤ ጠጣ፤ ግባ። ዋንጫው አንድ ብቻ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ሙላት ሰኞ ስብሰባ ላይ «ሥር ማሽ የኋላቀርነት ምልክት ነው» ብሎ በስሜ ጠርቶኝ ነበር። እሱም ጠመንጃውን አንግቶ መጣ።

«ለምርመራ ነው» አለኝ።

«መርምር እንግዲህ፣ ጓድ።»

ሁለት ጊዜ መረመረ።

ጎረቤታችን የሺሀረግ ግን ዋንጫውን በእጇ መለሰችው። «አባ ኑርዬ፣ ረቡዕ ነው እኮ፤ ጾም ነኝ። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውኃም አልቀምስ።»

«ሳትጠጪ አትገቢም። ለሕፃኗ ነው።»

ያመጣችውን ቅቤ ደጃፍ አስቀምጣ ሄደች። ጥብቅ ሰው ነኝ ብዬ በራሴ ኮራሁ።

በሦስተኛው ቀን ከመንደሩ ጭስ የሚወጣበት ጎጆ ጥቂት ነበር። የማኅበሩ ስብሰባ ሰው አጥቶ ፈረሰ። በዚህ ያልመረቀኝ የለም። ጓድ ሙላት ብቻ ከተኛበት ላከብኝ፦ «ይሄ አሻጥር ነው በሉት!» እኔም እየተንቀጠቀጥኩ በርጩማዬ ላይ ነበርኩ።

የሺሀረግ እንደገና መጣች።

«አባ ኑርዬ፣ አይቆጡኝ። የጠጣው ሁሉ ተኝቷል። በእግራችን የቆምነው እኔና ዙሌይካ ነን።»

«ዙሌይካም ጠጥታለች።»

«የቱን ጠጣሁ!» አለች ዙሌይካ ከውስጥ። «ምራቅህን ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ።»

አሰብኩት። ጉንፋኑን ከገበያ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለእያንዳንዱ ሰው መርቄ ያደልኩትም እኔ ነኝ። የሥሩን ስም ግን ዛሬም በክፉ አላነሣም፤ ጥፋቱ የሱ አልነበረም።

ያን ጊዜ ጓዳ ውስጥ ሕፃኗ አስነጠሰች። አንዴ ብቻ።

«አባዬ» አለች ፈዲላ ከመጋረጃው ጀርባ፣ «ትተርፍልኛለች ወይ? መድኃኒት አዋቂው አንተ ነህ።»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አዋቂ መባል የከበደኝ ጊዜ የለም።

«አላህ ያውቃል፤ እኔ አላውቅም» አልኳት። «የጠጣ ሰው አታስገቡ። እኔንም አታስገቡኝ። የሺሀረግ ትግባ።»

ቅሉን ከነጭማቂው ደፋሁና ግቢው ዳር ባለችው የገለባ ጎጆ ውስጥ ተኛሁ። የሺሀረግ ምግቤን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች። በየቀኑ እጠይቃታለሁ፤ «ጠባች?» «ጠባች» ትለኛለች። ሌላ ወሬ አልፈለግሁም።

እዚያ በተኛሁ በአሥራ አንደኛው ቀን ዙሌይካ ሕፃኗን ፀሐይ ልታሞቃት ደጅ አወጣቻት። ሳሌ ለቆኝ ነበር። ተነሥቼ ሦስት እርምጃ ሄድኩ።

«እዚያው!» አለች ዙሌይካ።

እዚያው ቆምኩ።