«አንቺ» ያለ ዕለት

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ጆሮዋን ባሏ ላይ ከጣለች ሁለት ሳምንት ሆናት። ባሏ የማተሚያ ቤት አራሚ ነው፤ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ በቀይ እስክሪብቶ የሰው ስሕተት ሲለቅም ይውላል። ስኳር ይዞት ኢንሱሊን መውጋት ከጀመረ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ሐኪሙ የነገራቸው ነገር እንቅልፍ ነስቷታል። «የደም ስኳር ዘበኛው አንጎል ነው» አላቸው። «ስኳሩ ሲወርድ ደወል ይደውላል፤ በላብ ያጠምቃል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ጉበትንም ‘ጎተራህን ክፈት’ ብሎ ያዝዛል። ደጋግሞ ከወረደ ግን ዘበኛው ይለምደውና ዝም ይላል። የእርስዎም ዘበኛ አንቀላፍቷል። እንግዲህ ላብ አይጠብቁ።»

«ታዲያ ምን እንጠብቅ?» አለች ሚስት።

«የጠባያቸውን መለወጥ።»

አንድ ቀን ረፋድ ላይ እናቷ ልትጠይቃቸው መጥታ አዝራር ትለይላታለች። ባል የኢንሱሊን መርፌውን ተወግቶ «ይህን ገጽ ልጨርስ» እንዳለ፣ ቁርሱ እንደ ተከደነ ቀርቷል።

«ልጄ፣ እስቲ ብላ፤ ፊደሉ እንደሆነ እግር የለው» አለች አማት።

ቀና እንኳ ሳይል «አንቺ ደግሞ ዝም በይ!» አላት።

መኪናው ቆመ።

«አንቺ? እኔን? ሃያ ዓመት ‘እርስዎ’ ከአፉ ሳይለይ!»

ሚስት ተነሥታ ግንባሩን ዳሰሰች፤ ደረቅ ነው። እጁም አይንቀጠቀጥም። ገጹ ግን ከላይ እስከ ታች ቀልቷል፤ ደኅናውን ቃል ሁሉ ሰርዞታል። ወደ ስኳሩ ቆርቆሮ ሮጠች።

እናቷ ክንዷን ያዘች። «አብደሻል? ስኳሩ ተነሥቶበት ስኳር ልትጨምሪበት? በእሳት ላይ ጋዝ!»

«አልተነሣም እማዬ፤ ወርዷል!»

«በሽታ ይነሣል እንጂ ይወርዳል ሲባል የት ሰማሽ?»

ለአፍታ ልቧ ተከፈለ። እናቷ እውነቷን ከሆነስ? በገዛ እጇ ባሏን ልትገድል? ከዚያ ያች «አንቺ» ጆሮዋ ላይ ደወለች፤ ክንዷን አስለቀቀች። ሦስት ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣ አፉ ላይ ደቀነች።

«ሂጂ ከዚህ!»

«ጠጣና እሄዳለሁ።»

እያጉረመረመ ጨለጠው። ሰዓቱ ላይ አፈጠጠች፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ዓመት ሆነባት። በመጨረሻ ባል ገጹን አየና «ይህን ማን አበላሸው?» አለ። ወደ አማቱም ዞሮ «ምነው ቆሙ? ይቀመጡ እንጂ።»

አማት ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። «ተመስገን! እንግዲህ ‘አንቺ’ ባልከኝ ቁጥር ስኳር ይዤ ከች ነው። ‘አንተ’ ካልከኝ ግን አምቡላንስ እጠራለሁ።»

ባል አፍሮ ሳቀ። ሚስት አልሳቀችም። ቁርሱን አብልታው ወደ መኪናዋ ተመለሰች።

«እማማ፣ ያን መቀስ...» አለ ባል ጥቂት ቆይቶ።

ሚስት እግሯን ከመርገጫው አነሣች። አክብሮት የሚታወቀው በማሰሪያው ግስ ነው፤ እሱ ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ጠበቀች።

«...ያቀብሉኝ።»

መኪናው ቀጠለ።