የጠበቃው ራት

ልብስ ሰፊው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የስፌት መኪናውን አቁሞ ይነሳና፣ በረንዳው ላይ ወጥቶ ለባዶ ጓሮ ያጨበጭባል። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል ብሎ ማሰብ ከተወ ቆይቷል። መጀመሪያ የጓሮው መብራት ይበራል። ቀጥሎ ይጨበጨባል። ከዚያ ጃርቷ ሰምታ ገለል እንድትል ትንሽ ይጠበቃል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ውሻው በገመድ ተይዞ እንደ እስረኛ ለሽንቱ የሚወጣው። ሕጉን ያወጣችው ታላቅ እህቱ ናት። እህቱ ዕድሜዋን ሙሉ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነበረች፤ ጡረታ ስትወጣ የተወችው ትምህርት ቤቱን እንጂ ርዕሰ መምህርትነቱን አይደለም። እሱን ይዛው ወደ ወንድሟ ቤት መጣች።

«አጨበጨብክ?» ትለዋለች ከኩሽና።

«አጨበጨብኩ።»

«አልሰማሁም።»

«ጃርቷ እንድትሰማ ነው እንጂ አንቺ እንድትሰሚ ነው እንዴ?»

«እኔ ካልሰማሁ እሷም አልሰማችም። ድገመው።»

እሱም እየተነጫነጨ ይደግመዋል። ስልሳ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ሰው፣ አንገቱ ላይ ሜትር አንጠልጥሎ ለጃርት ያጨበጭባል።

ጃርት ሲባል ያቺ ትልቋ፣ ረጃጅም እሾኋን ሽቅብ የምታቆመው አይደለችም። ትንሿ ናት፤ እፍኝ የማትሞላው፣ ሲነኳት ተጠቅልላ ኳስ የምትሆነው። ዝናቡ ሲጀምር በአጥር ስር ሾልካ መጣችና የእህቱን ሰላጣ ይጨርሱ የነበሩትን ቀንድ አውጣዎች እየለቀመች በላች። ሰላጣው አገገመ፣ ለመለመ። ከዚያ ወዲህ እህቱ ስለ ጃርቷ ስታወራ ድምጿ ይለሰልሳል። ወንድሟን በዚያ ድምፅ አናግራው አታውቅም። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ጎረቤት፣ ጡረታ የወጣው ሒሳብ ሠራተኛ፣ እሱም ሰላጣ ተክሏል፤ የሱ ሰላጣ ወንፊት ሆኖ ሲያድር እህቱ በአጥሩ ላይ አሻግራ እያየች «ያሳዝናል» ትላለች። ፊቷ ላይ ግን ሐዘን አይታይም።

ውሻው ጠበቃው ይባላል። ስሙን ያወጣለት ልብስ ሰፊው ነው፤ በር ሲንኳኳ፣ ቅጠል ሲወድቅ፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ ተነስቶ የማይቃወመው ነገር ስለሌለ። የሱ ውሻ ግን አይደለም። ይህን ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ይናገራል። ውሻው የሴት ልጁ ነው። ልጁ ስታገባ «አባዬ፣ ቤት እስክናስተካክል ለሁለት ሳምንት ያዝልኝ» ብላ ሰጥታው ሄደች፤ ይኸው ሦስት ዓመቱ። በደወለች ቁጥር «ነይና ይሄን ጉድሽን ውሰጂልኝ» ይላታል። ስልኩን ሲዘጋ ጠበቃውን እግሩ ስር፣ ከስፌት መኪናው መርገጫ አጠገብ ተጋድሞ ያገኘዋል። እግሩን ትንሽ ወዲያ ፈቀቅ አድርጎ ስፌቱን ይቀጥላል።

የእህቱ ሕግ መልካም ነበር፤ ችግሩ የሚያከብረው አልተገኘም። መብራት በርቶ፣ ተጨብጭቦ፣ ተጠብቆ በሩ ሲከፈት ጠበቃው ልብስ ሰፊውን እየጎተተ በቀጥታ ወደ ሰላጣው መደብ ጀርባ ይሮጣል። ጃርቷም ጭብጨባውን ከቁብ ሳትቆጥረው እዚያው ናት። አንዱ ይጮሃል፣ አንዷ ትጠቀለላለች፣ ልብስ ሰፊው መሀል ገብቶ ገመድ ይስባል፣ እህቱ በመስኮት ትእዛዝ ታወርዳለች። የአፍ መሸፈኛ ይሰፋለት ተባለ፤ ሰፋለት። የመጀመሪያውን፣ ከመጋረጃ ጨርቅ የተሠራውን፣ ጠበቃው በላው። ሁለተኛው ከጂንስ ነበር፤ እሱን የት እንደቀበረው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ገመዱ አንገቱን እያነቀ ሲያስለው ደግሞ ልብስ ሰፊው የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ ጫፉ ሳይዘመዘም እያደረ፣ ደረትና ወገብ የሚይዝ ማሰሪያ ሰፋለት። ጨርቁን ከየት እንዳመጣው እህቱ አልጠየቀችውም። «የውሻ ልብስ ሰፊ ሆኜ ቀረሁ» እያለ ሲነጫነጭ ከረመ። እየተነጫነጨም እጁ አላረፈም።

አንድ ምሽት ጠበቃው ገመዱን አስጥሎ አመለጠና አፍንጫው ተበሳስቶ፣ ደም እያንጠባጠበ ተመለሰ። በማግስቱ የእንስሳት ሐኪሙ አጠበለት፣ መድኃኒት ቀባለት።

«ዛሬ አፍንጫው ነው፤ ነገ ዓይኑ ሊሆን ይችላል» አለ ሐኪሙ። «ወይ ደግሞ አንድ ቀን ጃርቷን ይገድላታል። ግን ለምንድን ነው ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ የሚገናኙት?»

«እኔ ምን አውቄ? ሁለቱም ግትር ስለሆኑ ነዋ» አለ ልብስ ሰፊው፤ ቀሚሱን ልትወስድ የምትመጣዋን ደንበኛ እያሰበ ነበርና ጥያቄውን እዚያው ትቶት ወጣ።

እህቱ ሐኪሙ ያለውን ስትሰማ ስልክ አነሳች። ለወንድሟ የነገረችው ደውላ ከጨረሰች በኋላ ነው።

«እሑድ ልጅህ ትመጣለች። አሁን ግቢ ያለው ቤት ይዘዋል። ውሻዋን ትወስዳለች።»

ልብስ ሰፊው መርፌ ላይ ክር ለማስገባት እየታገለ ነበር። ክሩ እምቢ አለው።

«ደግ አደረግሽ። ገላገልሽኝ» አላት።

ሌላ ምን ይበል? ሦስት ዓመት ሙሉ ውሰጂልኝ ሲል የኖረ ሰው፣ ልትወስድ ስትመጣ በምን አፉ ይከለክላታል? ሚስቱ ከሞተች በኋላ፣ እህቱም ገና ሳትመጣ፣ በዚያ ቤት ውስጥ ኮቴውን ለይቶ የሚነሳለት ያ ውሻ ብቻ ነበር። ይህን ለማንም ነግሮ አያውቅም። ለራሱም ቢሆን ያመነው ያን ቀን ነው። መርፌውን ሰክቶ ያለ ሰዓቱ መብራት አጠፋ።

ሐሙስ ዕለት ማሰሪያውን ሲያለብሰው ወገቡ ላይ ላላበት። ሲሰፋለት ልክክ ብሎ ነበር። የልብስ ሰፊው ዓይን ደክሞ ይሆናል እንጂ እጁ ልክ አይስትም። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ለካው፤ ጠበቃው ሦስት ጣት ያህል ከስቷል። ምን ነካው? ታሞ ነው? መሄዱን አውቆ ነው? ራቱን በየቀኑ የምታቀርብለት እህቱ ናት፤ ሳህኑም ሁልጊዜ ተልሶ ነው የሚገኘው። ሐኪሙ ጋ ሊመልሰው አሰበና፣ መጀመሪያ ሲበላ ልየው አለ። እስከዚያው ማሰሪያውን ወገቡ ላይ አጠበበለት።

ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ሥራ የያዘ መስሎ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። እህቱ የውሻውን ሳህን ሞልታ ከኩሽና ወጣች። በረንዳው ላይ ግን አላስቀመጠችውም። ግራ ቀኝ ተገላመጠች። አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ተማሪ ቀጥ አድርጋ የኖረች ሴት፣ ኮቴዋን እያጠፋች ወደ ሰላጣው መደብ ሄደች፤ ጎንበስ ብላ የሳህኑን ግማሽ ከመደቡ ጀርባ ገለበጠች። ከዚያ የቀረውን ይዛ ተመለሰችና «ጠበቃው፣ ና ብላ» አለች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ልብስ ሰፊው መቀሱን እንደያዘ ወጣ።

«እትዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምን አደረግኩ?»

«አየሁሽ እኮ።»

ወደ አጥሩ ዞር አለች። «ያ ሒሳብ ሠራተኛ ነው» አለች። «‹ጃርታችሁ አሁን አሁን እኔ ጋ ነው የምታመሸው› አለኝ፣ በአጥሩ ላይ እየሳቀ። ልትሄድብኝ ነው ብዬ ትንሽ ነገር ጣል አደርግላታለሁ። ውሻው እንደሆነ ወፍሯል።»

«ወፍሯል? ለክቼዋለሁ እኮ። ሦስት ጣት ከስቷል።»

እህቱ ሳህኑን አየች።

«በአንድ እጅሽ ራቱን እዚያ ታስቀምጫለሽ፣ በሌላው አጨብጭብ ብለሽ ታዢኛለሽ» አለ ልብስ ሰፊው። አንድ ወር ሙሉ ሲያጨበጭብ በከረመው እጁ መቀሱን ወደ መደቡ ቀሰረ። «ጃርቷ ራት ተዘርግቶላት በጭብጨባ ትነሳለች? ውሻውስ የሚጎትተኝ ወደ ጃርቷ መሰለሽ? ራቱን ፍለጋ ነው። ጥፋተኛ ስታደርጊው የከረምሽው ውሻ፣ ለካ የተዘረፈው እሱ ራሱ ነው።»

እህቱ ይቅርታ ሲጠይቋት የኖረች ሰው ናት፤ እሷ ስትጠይቅ የሰማ የለም። ያን ቀንም አልተሰማም። «ልጅቷ ነገ ትመጣለች። ነገሩ አንዴ ተነግሯል» ብላ ገባች፤ የኩሽናውን በር ግን ከወትሮው ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

ልጁ ጋ መደወል ይችል ነበር። ስልኩን አነሳ፣ አስቀመጠ፣ ደግሞ አነሳ። አትምጪ ማለት ሦስት ዓመት ስዋሽሽ ኖሬያለሁ ማለት ሆነበት። ተናደደ፤ በእህቱ፣ በጎረቤቱ፣ የሰው ራት እየበላች በምታመሸው ጃርት፣ ከሁሉም በላይ በራሱ አፍ።

እሑድ ረፋዱ ላይ ልጁ መኪናዋን በራፉ ላይ አቆመች። ጠበቃው ሮጦ ላሳት፤ የመኪናው የኋላ በር ሲከፈት ዘሎ ገባና ወንበሩ ላይ ተኮፈሰ። ወደ ልብስ ሰፊው ዞር ብሎ እንኳ አላየም። ልብስ ሰፊው «ከሃዲ» አለው በሆዱ።

ልጁ ማሰሪያውን ለማስተካከል ጎንበስ አለች። የልብስ ሰፊ ልጅ ናት፤ ስፌት ማንበብን የተማረችው ከፊደል ጋር እኩል ነው። ጣቷን በውስጥ በኩል ሰደደች፤ ጠርዙን ገለበጠችው።

«ይሄ የኮትህ ገበር አይደለም እንዴ?»

«አርጅቶ ነበር።»

«ለሠርጌ የሰፋኸው ኮት እኮ ነው። አንዴ ነው የለበስከው።» ጣቷ አሁንም ስፌቱን እየተከተለ ነበር። «በእጅህ ነው የሰፋኸው። ቆዳውን እንዳይፈገፍገው ስፌቱን ሁሉ ወደ ውጪ አውጥተኸዋል። ወገቡ ላይ ደግሞ ሲወፍር የሚለቀቅ ትርፍ ትተህለታል።» ቀና አለች። «አባዬ፣ እንዲህ የሚሰፋው ዓመታት እንዲቆይ ነው። ይሄን የሰፋ ሰው ነው ውሰጂልኝ የሚለኝ?»

ልብስ ሰፊው የሚይዘው ነገር ፈልጎ እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ፤ እሑድ ስለሆነ ሜትሩ አልነበረም።

«አትውሰጂብኝ» አለ። «እስከ ዛሬ ያልኩሽን ሁሉ እርሺው። ይጮሃል፣ ያስቸግራል፣ ሥራ ያስፈታኛል። ግን አትውሰጂብኝ።»

ልጁ የመኪናውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«በል ውረድ» አለው ልብስ ሰፊው።

ጠበቃው አልወረደም። ጠሩት፤ እምቢ። አባበሉት፤ እምቢ። ገመዱን ሲስቡት ወንበሩ ላይ ተጋደመ። ልጁን ሳቅ አፈናት። ልብስ ሰፊው ግን የሚስቅበት ሆድ አልነበረውም፤ ክብሩን ጥሎ የለመነለት ውሻ ሽርሽር አምሮት ተቀምጧል።

ያኔ እህቱ ከቤት ወጣች። የውሻውን ሳህን በሁለት እጇ ይዛለች። በሰላጣው መደብ አጠገብ ስታልፍ አልቆመችም፤ ወደ ማንም ሳታይ እስከ መኪናው መጥታ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። ጠበቃው አሸተተና ወረደ።

«ከዛሬ ጀምሮ ኩሽና ውስጥ ነው የሚበላው፤ በሩ ተዘግቶ» አለች። «እስኪጨርስ እኔ ራሴ እቆማለሁ።»

«ጃርቷስ?» አላት ልብስ ሰፊው።

«ቀንድ አውጣዋን ትልቀም። ከፈለገች ደግሞ እዚያ ሰውዬ ጋ ትሂድ።»

ልብስ ሰፊው አፉ ላይ የመጣ ነገር ነበር፤ ከትናንት ጀምሮ ሲያብሰለስለው ያደረ። ነገር ግን ጎንበስ ብሎ ሳህኑን አየና ተወው። እስከ አፉ ሙሉ ነበር።